መስመሩ ላይ ያለች ቀዳዳ

ባለፈው መስከረም፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘጠኝ አይቼ አሥር ጻፍኩ። ማንም ጻፍ አላለኝም። ገንዘብ አልነበረበትም፤ ሽልማቱ የቡና ኩባያ ነው፣ እሱም ለአንደኛ ብቻ። ነገሩ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እንደዚህ ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል። ትልቅ ቢሆን ኖሮ ሰበብ አላጣለትም ነበር።

ከቦታው ልጀምር። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ሲነዳ፣ የበቆሎ እርሻ መሀል፣ አንዲት ትንሽ የተኩስ ክለብ አለች። ክለብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ዳስ፣ ከዳሱ ሥር ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ ፊት ለፊት ሣር፣ መቶ ያርድ ላይ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወረቀት የሚለጠፍባቸው የእንጨት ማዕቀፎች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ጥይት የሚቀበርበት የአፈር ክምር። በቃ። በወር አንድ ቅዳሜ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች አሥር አሥር ዶላር ያዋጡና አሮጌ የጦር ጠመንጃቸውን ይዘው ይወዳደራሉ። ከመካከላቸው ጡረተኛ ይበዛል። ዶናት ይመጣል። ቡናው ቀጭን ነው፤ ስለ ቡናው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሁለታችንም ሶፍትዌር ነው የምንሠራው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስክሪን ላይ ተጥደን ስንውል "አንድ ቀን እጅህ የሚነካው ነገር ሥራ" አለኝና ወሰደኝ። እምቢ ልል ነበር። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ጠመንጃ ለኔ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። አያቴ ቤት ዲሞትፈር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ እኛ ልጆች በሥሩ ስናልፍ እንኳ ድምፃችንን እንቀንስ ነበር። የሚወርደው ሠርግ ሲሆን፣ ትልቅ ሰው ሲሞትና ጠብ ሲኖር ነው። አንድ ጥይት ስንት ብር እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። እዚህ ሰዎቹ ሠላሳ ጥይት ወረቀት ላይ ጨርሰው፣ ቀለሁን በባልዲ ለቅመው፣ ተሳስቀው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ቀን ይኼ ራሱ አስደነገጠኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ስንደዋወል አንዳንዴ ከጀርባዋ ድምፅ ይሰማል። "ምንድነው?" ስላት "በር ነው" ትለኛለች። እኔም "እሺ" እላለሁ። ሁለታችንም በር እንዳልሆነ እናውቃለን። ይቺን "በር ነው" ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እንዴት እንደሚወዳደሩ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሠላሳ ጥይት ነው፦ አሥሩ በደረት ተኝቶ፣ አሥሩ ቁጭ ብሎ፣ አሥሩ ቆሞ። ወረቀቱ ላይ አንዱ ሌላውን የከበበ ቀለበት አለ፤ መሀለኛው አሥር ነው፤ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ይቀንሳል። ሙሉ ነጥብ 300። በመጀመሪያ ቀኔ እኔ 187 አመጣሁ፤ ብዙ አትጠይቁኝ። ባልደረባዬ ያዋሰኝ ኤም-ዋን ጋራንድ ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ኮሪያ ሲዘምት በእጁ የያዘው ጠመንጃ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ሳነብ ነው። ስምንተኛው ጥይት ሲያልቅ ባዶው ማቀፊያ "ችንግ" ብሎ ከላይ ይወረወራል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ደስ ማለቱ አሳፍሮኝ ነበር፤ ግን ደስ ይላል።

ተኩስ ሲቆም ሁሉም ጠመንጃውን ከፍቶ ያስቀምጣል፤ ክፍት መሆኑ ከሩቅ እንዲታይ ጥይት መጉረሻው ውስጥ ቢጫ ፕላስቲክ ይሰካል፤ ከጠመንጃው ፈቀቅ ይላል። መሣሪያ የሚነካ ሰው እንደሌለ ሲረጋገጥ ሁሉም አብሮ ወደ ዒላማዎቹ በእግሩ ይሄዳል። እዚያ ሲደረስ ማንም የራሱን ዒላማ አይቆጥርም። የኔን ከጎኔ የተኮሰው ሰው ይቆጥራል፤ የሱን እኔ። ተፎካካሪህ ነው ነጥብህን የሚጽፈው! ዳኛ የለም፤ ካሜራ የለም። እኔ ሙያዬ ሆኖ ማንንም ባለማመን ላይ የተሠራ ሲስተም ነው የምጽፈው፤ ተጠቃሚው ያስገባውን ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ብለህ ነው የምትነሳው። እዚህ ግን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ነጥባቸውን በእርሳስ ጻፉልኝ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ጥይት መስመር ላይ ሲያርፍስ? ሕጉ ቀላል ነው፦ ቀዳዳው የውስጠኛውን ቀለበት መስመር ከነካ ለተኳሹ ትልቁ ቁጥር ይሰጠዋል። መንካቱን ማወቅ ግን ቀላል አይደለም። ወረቀት ይለጠጣል፤ ጥይቱ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይጠባል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ካበሳው ጥይት ያንሳል። በዓይን ስታየው ያልነካ የሚመስል ነክቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሲባል ልክ የጥይቱን ውፍረት ያህል የሆነች መለኪያ አለች፤ ቀዳዳው ውስጥ በቀስታ ትገባለች፤ ከዚያ በአጉሊ መነጽር ይታያል። መለኪያዋን ለማምጣት ግን ውድድሩን የምትመራዋን ሴትዮ መጥራት ያስፈልጋል፤ ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ሰው በዓይኑ አይቶ ይጽፋል።

አሁን ወደ ሰውዬው። ዕድሜያቸው 76 ነው፤ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የአናጺነት መምህር ነበሩ። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በስሙ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን ሰባ ስድስት ዓመት የሞላውን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አፌ ላይ አልመጣልህ አለኝ። አንድ ቀን አመለጠኝና "ጋሼ" አልኳቸው። "ምን ማለት ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ወደዱት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ሽማግሌዎችም እየቀለዱ "ጋሼ" ይሏቸው ጀመር፤ አነጋገራቸውን ብትሰሙት!

በሦስተኛው ወር ጋሼ "አንድ የማሳይህ ነገር አለ" ብለው ከመኪናቸው ጠመንጃ አወጡ። ሳየው ቀጥ አልኩ። ብረቱ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ተቀርጾበታል። ቤልጅግ ነው፤ አያቶቻችን በዚህ ስም የሚያውቁት፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየም ተገዝቶ የመጣው ማውዘር። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች ተገዝተው እዚህ ለሰብሳቢዎች ይሸጣሉ፤ አንዷ እኚህ ሰውዬ ጋ ደርሳለች። ሰደፉ ተሰንጥቆ ነበር፤ ራሳቸው ጠግነውታል፤ አናጺ አይደሉ። ሲጠግኑት ግን አንዲት ቦታ በአሸዋ ወረቀት ላለመንካት ተጠንቅቀዋል። "እዚህ ላይ ጽሑፍ ይመስለኛል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያነብልኝ ሰው አጣሁ" አሉኝ።

በጩቤ ጫፍ የተፋቀ ጽሑፍ ነው። "ወል" ይላል። ከዚያ እንጨቱ በእጅ ብዛት ተበልቶ ልሟል። ወልደ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሆነ፣ የት እንደወደቀ ወይም በሰላም ቤቱ ገብቶ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለጋሼ "ስም ነው፤ የስም መጀመሪያ" አልኳቸው። ጣታቸውን በላዩ ላይ አሳለፉና ዝም አሉ። እኔ ጉሮሮዬን ምን እንደያዘኝ እንጃ። ከአገሬ ርቄ፣ የበቆሎ እርሻ መሀል፣ የማላውቀው ዘመዴን ያገኘሁ መሰለኝ።

በመስከረሙ ውድድር ጋሼ በዚያች ጠመንጃ ተኮሱ። የምቆጥርላቸው እኔ ነበርኩ።

ተኝተው ጥሩ ተኮሱ፤ ቁጭ ብለው ጥሩ ተኮሱ። ቆመው ሲተኩሱ ዕድሜ አለ፤ ክንድ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱ ጋ ስንደርስ ዘጠኙን ቀዳዳ ያለችግር ቆጠርኩ። አሥረኛዋ የአሥሩ መስመር አጠገብ ናት። ጎንበስ ብዬ አየኋት። በቀዳዳዋና በመስመሩ መሀል ነጭ ወረቀት አለ፤ እንደ ክር ቀጭን፣ ግን አለ። አየሁት። አሥር ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ 261 አመጡ፤ ሁለተኛ። ሦስተኛ የወጣው ከጎናችን የነበረ የትራክተር መካኒክ ነው፤ 260። ሽማግሌዎቹ ጨበጧቸው፤ አንደኛው ጠመንጃዋን ይዞ ፎቶ ተነሳ። እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ሰዉ ዕቃውን ሲሰበስብ ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሴትዮዋ ሄዱ። መለኪያዋን አስገቡ፤ አጎነበሱ። አልነካም። ሴትዮዋ ሳቀች፦ "ሰው ሁሉ ይጨመርልኝ ብሎ ነው የሚመጣ፤ ይቀነስልኝ የሚል የመጀመሪያው አንተ ነህ።" 260 ለ260 ሆኑ። እኩል ሲሆን የሚታየው ከአሥሩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቀለበት ማን የበለጠ መታ የሚለው ነው፤ መካኒኩ በሁለት ይበልጣል። ሁለተኛ እሱ ሆነ።

ወደ እኔ መጡ። ቀድሜ "በጥርጣሬ ላይ ለተኳሹ ነው እኮ የሚፈረደው" አልኳቸው።

"ስትጽፈው ተጠራጥረህ ነበር?"

"አይ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቡና ትጠጣለህ?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስተው አያውቁም።

በመመለሻ መንገድ ላይ ለራሴ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ ይሉኝታ የሚል ነበር። ይሉኝታ ቆንጆ ሰበብ ነው፤ ጥፋትህን ከመልካም አስተዳደግህ ጋር ያዛምድልሃል። ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ተንቀጥቅጧል፤ በአንድ ነጥብ ሰው ላስከፋ? እኛ አገር ምግቡ ጨው ባይኖረውም "ይጣፍጣል" ይባላል፤ የጓደኛህ ግጥም ባይገባህም ታጨበጭባለህ። ሥራ ቦታም ያው ነኝ። ባልደረባዬ የጻፈውን ኮድ እንድገመግም ሲልክልኝ፣ ማታ ከሆነና እሱም የሚቸኩል ከመሰለኝ፣ ሁለቱን ፋይል አይቼ ሦስተኛውን ዘልዬ "ጥሩ ነው" ብዬ አጸድቃለሁ። ደግነት ነው እላለሁ። ስንፍናም አለበት።

የፍልስፍና ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ፤ ግን ነገሩ ስላስጨነቀኝ ስለ ውሸት የተጻፈ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 የጻፋት አጭር ጽሑፍ አለች። ነፍሰ ገዳይ በርህ ላይ መጥቶ "ጓደኛህ ቤት ውስጥ ነው?" ቢልህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ይላል። ሰውዬው ለእናቴም የሚራራላት አይመስለኝም። እኔ ግን "በር ነው" የምትለውን እናቴን ጥፋተኛ ማድረግ አልችልም። ለረጅም ጊዜ የሷን ውሸትና የኔን አሥር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ሳስብ ቆየሁ። ሁለቱም ፍቅር ያለበት ይመስላል። ሁለቱም ትንሽ ናቸው።

የደረስኩበት ይኼ ነው። እናቴ "በር ነው" ስትል ዋጋውን የምትከፍለው ራሷ ናት። ፍርሃቱን ብቻዋን ታቅፈዋለች፤ ለኔ እንቅልፍ ትሰጠኛለች። ከማንም ኪስ አልወሰደችም። እኔ ለጋሼ የሰጠኋት አንድ ነጥብ ግን ከየት መጣች? ከኔ አልመጣችም፤ የኔ 190 ምንጊዜም 190 ነው። የመጣችው ከመካኒኩ ነው። ሰውዬው እዚያው ነበር፤ አምስት ሜትር ቢርቅ ነው፤ ዶናት እየበላ። የሱን ሁለተኝነት አንስቼ ለወደድኩት ሰው ሰጠሁና ደግ ሰው ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በሰው ገንዘብ መመጽወት ይሉሃል ይኼ ነው። አገሬ ላይ ሰው ለነጥብ አይደለም፣ ለጭብጦም ቢሆን ፍርድ ይጠይቃል፤ "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" የሚለው የኛው ሰው ነው።

እሺ፣ እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ሌላም አለ፤ ያኛው ይብሳል።

በቀጣዩ ሳምንት አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ጋሼ በሌላ ጠመንጃ፣ በራሳቸው አገር ስፕሪንግፊልድ ተኩሰው ቢሆንስ? ያቺን ነጭ ክር አይቼ ምን እጽፍ ነበር? ዘጠኝ። አልጠራጠርም፤ ባለፉት ወራት ስንት ጊዜ ዘጠኝ ጽፌላቸዋለሁ። ስለዚህ ለሽማግሌው አዝኜ አይደለም። አሥሩን የሰጠሁት ለአንበሳው ነው። ለ"ወል"። የእኛ ጠመንጃ ከፈረንጆቹ ጠመንጃ መሀል ቆማ፣ የእኛ ጠመንጃ ስትበልጥ ማየት ፈልጌ ነው። ይሉኝታ ያልኩት ወገንተኝነት ነበር፤ የይሉኝታን ነጠላ ለብሶ መጥቶ።

አያቴ የሚያወሩት አንድ የሠርግ ታሪክ አለ። የሁለቱ ወገን ጎበዞች ከሠርጉ ማግስት ከወንዙ ማዶ ነጭ ድንጋይ አቁመው ዒላማ ይተኩሳሉ። አንዱ ተኮሰ፤ አቧራ ተነሳ። "ነካ!" "አልነካም!" ተባለ። የሙሽራው ወገን በሙሉ ነክቷል አለ፤ የሙሽሪት ወገን በሙሉ አልነካም አለ። ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌው የተኳሹን ወንድም ጠርተው "አንተ ቅርብ ነበርክ፤ ነክቷል?" አሉት። "በወንድሜ ላይ እንዴት እመሰክራለሁ?" አለ። አያቴ ይኼን ሲያወሩ እንደ ጀግንነት ነበር የሚያወሩት። አፈሙዝ ከድንጋዩ ወደ ሰው ዞረ፤ ደግነቱ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያነጠፉ መሀል ገቡና ደም ሳይፈስ ቀረ። ማንም ወንዙን ተሻግሮ ድንጋዩን አላየም። ልጅ ሆኜ ስሰማው የሚያስቀኝ እሱ ነበር፦ ድንጋዩ እኮ እዚያው ነው፤ ሄዶ ማየት ነው።

አሁን አያስቀኝም። ምክንያቱም እኔ ድንጋዩን ሄጄ አይቼው አውቃለሁ፤ አይቼም ነክቷል ብያለሁ።

በ2013 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩበት ዓመት ነው። እንደ ሁላችሁም ቀን ከሌት ስልኬ ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን ፎቶ መጣ፤ ሜዳ ላይ የተዘረሩ አስከሬኖች፣ ከሥሩ ቁጥር፣ የእኛ ወገን ይኼን ያህል ደመሰሰ የሚል። ሼር አደረግኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ዶርም ውስጥ ከኔ በላይ ባለው አልጋ ሦስት ዓመት የተኛ ልጅ ነው። የመቀሌ ልጅ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ነበር የሚሠራው፤ ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ መስማት ካቆመ ቀናት አልፈውታል። "ፎቶው የኛ አገር አይደለም። አጥፋው እባክህ" ይላል። ሌላ ምንም አላለም።

ፎቶውን ፈለግኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ሙያዬ ነው። እውነቱን ነው፤ ሌላ አገር፣ ሌላ ጦርነት፣ ከዓመታት በፊት። ነጯን ክር አየኋት ማለት ነው።

አላጠፋሁትም። "ፎቶው ባይሆንም ነገሩ ያው እውነት ነው" አልኩ ለራሴ። መልስም አልሰጠሁትም። ፎቶውን ሰው ወደደው፤ አሰራጨው፤ የት የት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። አሁን ይኼን ስጽፍ እንኳ እጄ "እነሱም እኮ እንደዚሁ ያደርጉ ነበር" ብሎ ሊጽፍ ይቸኩላል። ያደርጉ ነበር። ግን የሱን ወረቀት የምቆጥረው እኔ ነበርኩ እንጂ እነሱ አይደሉም። ለኔ ነው "እባክህ" ያለው።

ጦርነቱ በ2015 ጥቅምት ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም እኔ ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ነበርኩ። ስንት ሰው እንደሞተ እስከ ዛሬ ሁሉም ወገን የየራሱን ቁጥር ይዟል። ከዚያ ደግሞ እሳቱ ወደኛ ቤት መጣ፤ አሁን ስለ ጎጃም በስልኬ የሚመጣልኝ ቁጥር ሁሉ ያኔ እኔ ባሰራጨሁት አኳኋን የተጻፈ ነው። የትኛው ዘጠኝ እንደሆነ፣ የትኛው አሥር እንደሆነ አላውቅም። እናቴን ብጠይቃት "በር ነው" ትለኛለች።

አንድ ሰው፣ አንድ ነጥብና አንድ ጦርነት ማነጻጸር ነውር ነው ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለች ቀዳዳ ሰው አትገድልም። ለሁለቱም የተጠቀምኩበት ዓይን ግን አንድ ነው። አንዳንዶች ደግሞ የነዚያ ሽማግሌዎች ታማኝነት ርካሽ ነው ይላሉ፤ የሚያጡት ነገር ስለሌለ ነው፤ ርስት ቢሆን፣ ልጃቸው የሞተበት ቢሆን እናያቸው ነበር። ባልደረባዬም ይኼንኑ አለኝ። ብዙ አሰብኩበት። ጋሼ ርስት ላይ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። እኔ ራሴን ነው የማውቀው፤ እኔ ኩባያ እንኳ በማያስገኝ ነገር ላይ ዋሽቻለሁ። ነገሩ ከባድ ሲሆን ብቻ ነው ሰው የሚያዳላው የሚለው ክርክር እኔን አያድነኝም።

በጥቅምቱ ውድድር የመጣው ወረቀት የመካኒኩ ነበር። ስምንት ቀዳዳ ያለችግር፤ ሁለቱ መስመር ላይ። ሴትዮዋን ጠራኋት። ሰው ቆሞ ጠበቀን፤ አንዱ ሰዓቱን አየ። አንደኛው ነካ፤ አንደኛው አልነካም። ጻፍኩ።

የዚያን ቀን ማታ ለዶርም ጓደኛዬ ጻፍኩለት። ከአምስት ዓመት በኋላ። ፎቶው የሌላ አገር መሆኑን ያኔውኑ፣ እሱ በነገረኝ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንዳወቅኩ፣ አውቄም እንደተውኩት ጻፍኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን አጠፋሁ። ለምን አሁን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ጠመንጃዋ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ መለኪያዋም ነገርኩት። ረዘመ።

ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ።

"ያኔ ነበር የሚያስፈልገኝ" ይላል። ከሱ ሥር ደግሞ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጻፈ፦ "አንተ ፈሪ፣ ጠመንጃ መተኮስ ጀመርክ?"